የእሳት የለም ሹም

ይህን ታሪክ የነገሩኝ ሰዎች የአገሩን ስም አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። የአገር ስም የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ አገር እንዳይሆን ፈርቶ ነው። እኔም ፈሪ ስለሆንሁ ዝም ብዬ አዳመጥሁ።

የዚያ አገር ንጉሥ አንድ ታላቅ ቤት ነበራቸው። ዘጠኝ ደርብ ነው፤ ከምድር እስከ ጣሪያው በጽድ እንጨት የተሠራ። የአገሩ ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ የሚገኙት እዚያ ነው። ስድስት መቶ ጸሐፊ፣ መዝጋቢ፣ ማኅተም መቺና ሹም ጠዋት ይገባበታል፣ ማታ ይወጣበታል። ቤቱን የሠራው አናጢ ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ ጽድ እንዴት እንደሚነድ ያውቃል። ስለዚህ በየደርቡ አንዳንድ አሽታች እንዲቀመጥ አደረገ። አሽታች ማለት አፍንጫው የተመሰከረለት ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አየሩን ያሸታል፣ የሚቃጠል ነገር ከሸተተው ከራሱ በላይ የተንጠለጠለውን የደወል ገመድ ይስባል። አናጢው ጣሪያው ላይ ትልቅ የውሃ ገንዳ ሠራ፤ ከገንዳውም በየደርቡ የሚያልፍ የሸክላ ቧንቧ ዘረጋ። መክፈቻው ሲሳብ ውሃው እንደ ዝናብ ይወርዳል። በየመተላለፊያው አሸዋ የሞላ ባልዲ አስቀመጠ። አንዱ ደረጃ በጢስ ቢታፈን ሰው በሌላው እንዲወርድ ብሎም ሁለት ደረጃ አበጀ። ይህን ሁሉ ጨርሶ፣ ቤቱን አስመርቆ፣ ዕድሜውን ጠግቦ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሹም ያስፈልገዋል ተባለና አዛዥ ጓንጉል ተሾሙ። ሹመታቸው «የእሳት የለም ሹም» ይባላል። በየወሩ ንጉሡ ፊት ቀርበው፣ እጅ ነሥተው፣ «በዚህ ወር እሳት የለም» ይላሉ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ዘለግ ያሉ፣ ልብሳቸው ሁልጊዜ የነጣ፣ ድምፃቸው እንቅልፍ የሚያመጣ ሰው ነበሩ። ግን ደወል በተደወለ ቁጥር የወሩ ንግግራቸው ይበላሽባቸዋል። «እሳት የለም» ብለው በአጭሩ መቀመጥ ሲችሉ፣ «እሳት የለም፤ ብቻ ባለፈው ማክሰኞ ሦስተኛው ደርብ ላይ አንዲት ትንሽ…» ማለት ይጀምራሉ። ንጉሡም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ።

ስለዚህ አዛዥ ጓንጉል ደንብ ማውጣት ጀመሩ። ደወሉ ስብሰባ ይረብሻል ተባለና ምላሱ በጥጥ ተጠቀለለ። ገመዱ እንዳለ ነው፤ ሲስቡት ግን ትራስ የተመታ ያህል «ድፍ» ይላል። ባዶ አሸዋ እንግዳ ፊት ያሳፍራል ተባለና ባልዲዎቹ አበባ ተተከለባቸው። ለንጉሡ ከሩቅ አገር ቀያይ ዓሦች በስጦታ ሲመጡ ማኖሪያ ተፈለገ፤ የጣሪያው ገንዳ ተገኘ። የዓሣ ሹም ተሾመ፣ መክፈቻው ተቆለፈ፣ ያለ ዓሣ ሹሙ ፈቃድ ጠብታ ውሃ እንዳይለቀቅ ታዘዘ። በሁለተኛው ደረጃ ላይ ደግሞ ስለ እሳት ጥንቃቄ የተጻፉ ወረቀቶች ተከመሩበት። ወረቀቶቹ ብዙ ነበሩ፤ አዛዥ ጓንጉል ስለ ጥንቃቄ መጻፍ ይወዳሉ።

ከሁሉም የሚኮሩበት ደንብ ግን የምስክሩ ነበር። እሳት አለ የሚል ሁሉ ማመልከቻ ያቀርባል፤ ማመልከቻውም ሦስት ምስክር ያስፈልገዋል። አንድ ያየ፣ አንድ ያሸተተ፣ አንድ የተቃጠለ። ያልተሟላ ማመልከቻ ውድቅ ነው። ያለ ማመልከቻ የጮኸ አሽታች ደግሞ አፍንጫው ለአንድ ወር በሰም ይደፈናል፤ በአፉ እየተነፈሰ በርጩማው ላይ ይቀመጣል።

በአራተኛው ደርብ ላይ ትብለጥ የምትባል አሽታች ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ቀድሞ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ሸክላ ስታቃጥል ጢስን ከጢስ መለየት ተምራለች። ጨርቅ ይሁን ኩበት፣ ጽድ ይሁን ወረቀት፣ ዓይኗን ጨፍና ትነግራችኋለች። ሁለት ጊዜ ሰም ተደፍኖባታል። በተለይ ሁለተኛው አንገብግቧታል። አንድ መዝጋቢ ምንጣፍ ላይ ፋኖስ ገልብጦ ሳለ ጮኸች፤ ሰዎች ሮጠው ረግጠው አጠፉት፤ አዛዥ ጓንጉል ሲደርሱ እሳቱ ስለጠፋ እሳት አልነበረም ተባለ፤ ስለዚህ ዋሽታለች።

አንዲት ልጅ አለቻት፤ ዘርፌ ትባላለች። ስምንተኛው ደርብ ላይ ጽሑፍ ገልባጭ ናት። የሰውን የሹመት ልመና በሚያምር እጅ ስትገለብጥ ትውላለች፤ ለራሷ አንድም ቀን ለምና አታውቅም። ሰው ሲበዛ የምትደበቅ፣ ስትናገር ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት።

አዛዥ ጓንጉል የተሾሙበት ዐሥረኛ ዓመት ደረሰና ታላቅ በዓል ታወጀ። ጠዋት ሁለተኛው ደርብ አዳራሽ ውስጥ አንድ ትልቅ የመዳብ ምድጃ ቀረበ። የዐሥሩ ዓመት ውድቅ የእሳት ማመልከቻዎች በሙሉ እየተነበቡ፣ እየተሳቀባቸው፣ በምድጃው ውስጥ ተቃጠሉ። ተጨበጨበ። ከዚያ ንጉሡና ሹማምንቱ ለግብር ድግስና ለንግግር ወደ ዘጠነኛው ደርብ ወጡ። የአዳራሹ ጠባቂዎች ምድጃው ፍሙ እንደጋለ መሀል ላይ ተገትሮ ቢያዩት አስቀየማቸው። ገፋ ገፋ አድርገው ከሁለተኛው ደረጃ በር ኋላ፣ ከወረቀቱ ክምር ሥር፣ ሸሸጉት። በሩንም ዘግተው ለመብል ወጡ።

ከአሽታቾቹ ሁሉ በዓሉ ላይ ያልተጠራችው ትብለጥ ብቻ ናት። ከምሳ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ በርጩማዋ ላይ እንዳለች ወረቀት ሸተታት። የጠዋቱ ይሆናል አለች። ትንሽ ቆይቶ ጽድ ሸተታት። ይኼኔ ተነሣች።

ገመዱን ሳበችው። «ድፍ።» ደግማ ሳበችው። «ድፍ።» በመተላለፊያው ሥጋ የሞላ ሳሕን ይዞ የሚያልፍ አንድ መዝጋቢ ቆም አለና «ትራስ እያራገፍሽ ነው?» ብሏት ሄደ።

ትብለጥ ወደ አምስተኛው ደርብ ሮጠች። አዛዥ ጓንጉል ቢሯቸው ውስጥ መስተዋት ፊት ቆመው ንግግራቸውን ይለማመዳሉ።

«ጌታዬ፣ እሳት ተነሥቷል።»

«ዛሬ?» አሉ ወደ መስተዋቱ እንዳዩ።

«አሁን።»

«ዛሬማ አይሆንም። ዛሬ በዓሉ ነው።»

«እሳቱ በዓል መሆኑን ማን ነግሮት? በሁለተኛው ደረጃ እየወጣ ነው። ጽዱ መያዝ ጀምሯል፤ ይሸተኛል።»

አዛዥ ጓንጉል ቀስ ብለው ዞሩ። «መልካም። ያሸተተ አንድ። ያየስ?»

ይህን ሲሉ የገንዳው ጠባቂ አባ ይርዳው እያለከለኩ ገቡ። አባ ይርዳው ጣሪያው ላይ የሚውሉ፣ ዓሣ የሚመግቡ ሽማግሌ ናቸው። «ጌታዬ፣ በሁለተኛው ደረጃ አናት ጥቁር ጢስ ይትጎለጎላል። በዓይኔ አይቼ መጣሁ» አሉ።

«ያየ አንድ። ይኸውላችሁ፣ ደንቡ ሲከበር እንዴት ደስ ይላል። የተቃጠለስ?»

ትብለጥ የራሷን መዳፍ አየች። ከዚያ ወጣች። በመተላለፊያው ጫፍ የሁለተኛው ደረጃ በር አለ፤ መቀርቀሪያው ብረት ነው። ቀኝ መዳፏን ዘርግታ ለጠፈችበት። ጩኸቷን ዋጠችው። ተመልሳ ገባችና መዳፏን ከአፍንጫቸው ሥር ዘረጋችላቸው።

«ይኸው የተቃጠለ።»

አዛዥ ጓንጉል ፊታቸው ዐመድ መሰለ። እጇን ከሥር ደግፈው በእርግጥ በሐዘን ተመለከቱት። «እውነትም ተቃጥለሻል። በጣም አዝናለሁ፤ ቅቤ አድርጊበት። ግን አንቺ ያሸተተች ምስክር ነሽ። አንድ ሰው ሁለት ምስክር መሆን አይችልም።»

«እንግዲያው ጌታዬ የርስዎን እጅ ያውሱን» አሉ አባ ይርዳው።

አዛዥ ጓንጉል ሁለት እጃቸውን ልብሳቸው ውስጥ ከተቱ። «ደግሞም» አሉ፣ «ማኅተም መቺው ግብር ላይ ነው። ከበዓሉ በኋላ ኑ።»

ውጭ ወጡ። ጢሱ አሁን በበሩ ስንጥቅ እንደ ክር እየሾለከ ነው።

«አባ፣ ውሃውን መልቀቅ ይችላሉ?»

«ቁልፉ የዓሣ ሹሙ አንገት ላይ ነው።»

«መጥረቢያ የለዎትም?»

«መጥረቢያማ አለኝ፤ ፈቃድ ነው የሌለኝ።»

«መጥረቢያው ይበቃናል። እርስዎ ይውጡ፤ እኔ ሰዉን ላውርድ።»

ሽማግሌው ወደ ጣሪያው፣ ትብለጥ ወደ ዘጠነኛው ደርብ ሮጡ። የአዳራሹን በር በትከሻዋ ከፈተችው። ስድስት መቶ ሰው ሊሆን ጥቂት የቀረው ተቀምጦ ይበላል፤ ንጉሡ ከላይ፣ ሹማምንቱ በየማዕረጋቸው። አፏን ከፈተች፤ እሳት ብላ ልትጮኽ ነበር። ፊታቸውን አየች። ባለፈው ሰም ሲደፈንባት የሳቁት ሰዎች ናቸው። «ማመልከቻሽስ?» እንደሚሏት አወቀች፤ እስኪስቁ፣ እስኪጠይቁ፣ አፍንጫዋን ለመድፈን ሰም እስኪያስመጡ ድረስ አንዱ የቀረው ደረጃም እንደሚታፈን አወቀች። እናም በሕይወቷ ተናግራው የማታውቀውን ነገር ተናገረች።

«ሜዳው ላይ ሹመት እየተሰጠ ነው! ቀድሞ የደረሰ ይመርጣል!»

እንዲያ ያለ ፍጥነት በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። የዓሣ ሹሙ የጎረሰውን ሳይውጥ በሩ ላይ ነበር። ዐሥር ዓመት ጉልበቴ ያመኛል ሲሉ የኖሩ አንድ መዝጋቢ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለሉ ወረዱ። ማኅተም መቺው ማኅተሙን ታቅፎ ሮጠ። ወሬው በየደርቡ ሲወርድ በየቢሮው የቀረው ሁሉ እየተንጋጋ ወጣ። ንጉሡ መጀመሪያ ግራ ተጋብተው ተቀመጡ፤ ከዚያ «ሹመት የምሰጠው እኔ አይደለሁም እንዴ? ማነው እሱ?» አሉና ካባቸውን ሰብስበው ተከተሉ። አዛዥ ጓንጉል ግርግሩን ሰምተው ከቢሯቸው ብቅ አሉ፤ ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ንግግራቸውን መሬት ላይ ጥለው ሮጡ። ንጉሡን ሁለተኛው ደርብ ላይ ቀደሟቸው ይባላል።

ትብለጥ ከኋላቸው ወርዳ አራተኛው ደርብ ላይ ቆመች፤ የሚያልፈውን ፊት ሁሉ ታያለች። ሰዉ አለፈ፣ ሳሳ፣ አለቀ። ዘርፌ የለችም። ከመጨረሻዎቹ አንዷን የስምንተኛ ደርብ ገልባጭ ክንዷን ይዛ አስቆመቻት።

«ዘርፌስ?»

«ጠርተናት ነበር፤ ‹ለእኔ ማን ሹመት ይሰጣል ብላችሁ ነው› አለችና መጻፏን ቀጠለች።»

ትብለጥ ክንዷን ለቀቀቻት። ስድስት መቶ ሰው ያወረደው ውሸት አንዲት ልጅ ትቶ ነው የወረደው። ነጠላዋን አፍና አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ ተመልሳ ወጣች። ስድስተኛው ደርብ ላይ የሁለተኛው ደረጃ በር ተቃጥሎ ወድቋል፤ ጢሱ መተላለፊያውን ሞልቶታል። ሰባተኛው ላይ እጇን አታይም። ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ክፍሎቹ ጠፉባት። ነጠላዋን ፈታችው። ጢሱ ዓይኗን እያቃጠለው፣ ዐሥር ዓይነት ሽታ እየተምታታባት፣ አንዷን ቀጭን ሽታ ፈለገች፤ ልጇ ማታ ማታ በጣቶቿ ይዛት የምትመጣውን የቀለም ሽታ። አገኘቻት። በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች ተከተለቻት።

ዘርፌ ጠረጴዛ ሥር ተኮራምታ ትስላለች።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ? ሹመቱ አለቀ?»

«ሹመት የለም፤ እሳት ነው። ነይ ውጪ።»

«ታዲያ ለምን እሳት ነው አላልሽም?»

«ብል ማን ይወርድ ነበር?»

ዘርፌ ትንሽ አሰበች። «እኔ» አለች።

ትብለጥ ልጇን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወደ ደረጃው ጎተተቻት። ሰባተኛው ደርብ ላይ ሲደርሱ ነበልባሉ ደረጃውን ቆርጦት አገኙት። ወደ ኋላ እንዳይሉ ጢስ ነው። ወለሉ ላይ ተጋደሙ፤ እናት ከላይ፣ ልጅ ከሥር።

ይኼኔ በሚወርደው ሰው ግፊያ ዘግይተው ጣሪያው ላይ የደረሱት የአባ ይርዳው መጥረቢያ ድምፅ ተሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ቧንቧው አጓራ። ዐሥር ዓመት ውሃ አልፎበት የማያውቅ ቧንቧ በመጀመሪያ አቧራ ተፋ፤ ቀጥሎ የሞተ በረሮ፤ ቀጥሎ አንድ ቀይ ዓሣ ትብለጥ ጀርባ ላይ ጧ ብሎ ወደቀ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። በየደርቡ፣ በየቢሮው፣ በየወረቀቱ ላይ ወረደ። ነበልባሉ እየጮኸ ወደ ኋላ አለ። እናትና ልጅ በእንፋሎቱ መሀል፣ በየደረጃው የሚንፈራገጡ ዓሦች ላይ እየተንሸራተቱ፣ ተቃቅፈው ወረዱ። ከእነሱ በኋላ አባ ይርዳው መጥረቢያቸውን እንደ በትር እየተመረኮዙ መጡ። የሞተ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሜዳው ላይ ችሎት ተዘረጋ። ታላቁ ቤት ከኋላ ቆሟል፤ አንድ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ጠቁሯል። ሰዎቹ ሁሉ ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው እንዲቀመጡ ታዘዘ። ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ሆነው ዘርፌን ቃል እንድትጽፍ አዘዙ፤ ከእሷ የተሻለ እጅ አልነበረምና። ከሳሹ አዛዥ ጓንጉል ናቸው።

«ንጉሥ ሆይ» አሉ፣ «የተሟላ ማመልከቻ አልቀረበም። ማመልከቻ ካልቀረበ እሳት አልነበረም። እሳት ካልነበረ ውሃው ለምን ተለቀቀ? የንጉሡ ዓሦችስ ለምን ሞቱ? ሹመትስ በሐሰት ለምን ታወጀ?»

ንጉሡ ትብለጥን «ዋሽተሻል?» ብለው ጠየቋት።

«ዋሽቻለሁ» አለች፤ መዳፏ በጨርቅ ተጠቅልሏል። «እውነቱን ብናገር የምትሰማ አንዲት ልጅ ነበረች። ለእሷ ሳልናገር ቀረሁ። የምቀጣው ለዚያ ከሆነ እቀበላለሁ። ለሌላው ግን ነገም እዋሻለሁ።»

ዘርፌ ብዕሯን ለአፍታ አቆመች፤ ከዚያ ጻፈችው።

አዛዥ ጓንጉል ምስክሮቻቸውን ጠሩ። ስድስት መቶው ሰው ተራ በተራ ቆሞ «እሳት አልነበረም» ብሎ እንዲምል ተነግሮታል፤ ሹመቱን መያዝ የሚፈልግ ሁሉ ይህቺን ሁለት ቃል አያጣም። የዓሣ ሹሙ ቀረበ።

«እሳት አል… ኡሁ! እሳት… ኡሁ! ኡሁ!»

ደረቱን ይዞ ጎንበስ አለ፤ መሐረቡ ጠቆረ። አንሥተው አስቀመጡት። ማኅተም መቺው ቀረበ። «እሳ… ኡሁ!» ጉልበታቸውን ያመማቸው መዝጋቢ ቀረቡ፤ እሳቸው «እ» ላይ ቀሩ። ጢሱ ከሁሉም ደረት ውስጥ አለ፤ ዝም ሲሉ ዝም ይላል፣ ሊዋሹ አየር ሲስቡ ይነሣል። ዐሥር ሰው፣ ሃያ ሰው፣ መቶ ሰው፤ ሜዳው ሳል በሳል ሆነ። ተራው ያልደረሰውም ቃሉን ሊለማመድ ሲል ይስል ጀመር። አዛዥ ጓንጉል ተበሳጭተው «እኔው እመሰክራለሁ!» አሉና በዚያ በሚያስተኛ ድምፃቸው ጀመሩ። «በዚህ ወር…» ካሉ በኋላ የቀረውን እስከ ዛሬ የሰማው የለም። ነጭ ልብሳቸው ላይ ጥላሸት ተረጨ።

ንጉሡ ተቆጥተው ተነሡ። «ጸጥ በሉ! ፍርዱን ራሴ እሰጣለሁ። እሳት…» አሉ። ከዚያ ሳሉ፤ ዘውዳቸው ወደ ጆሯቸው እስኪንሸራተት ድረስ ሳሉ።

ችሎቱ ጋብ ሲል ዘርፌ አንገቷን ደፍታ ጠየቀች። «ንጉሥ ሆይ፣ ይህን ምን ብዬ ልጻፈው?»

«የሰማሽውን ጻፊ» አሉ በሰለለ ድምፅ።

የሰማችውን ጻፈች። ስድስት መቶ መስመር፣ በየስሙ ትይዩ «ኡሁ»፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የንጉሡ በቀይ ቀለም። ፍርዱ ሳሉ እስኪለቅ ተቀጠረ፤ ሳሉ አልለቀቀምና ፍርዱም አልተሰጠም።

በመንግሥቱ መዝገብ እሳት አልነበረም። ሆኖም ሁለተኛው ደረጃ አየር እንዲያገኝ ተብሎ ተጠረገ። የደወሉም ጥጥ ለመታጠብ ወርዶ ሳይመለስ ቀረ። አዛዥ ጓንጉል አልተሻሩም፤ «የጎርፍ የለም ሹም» ሆነው ከፍ አሉ። አባ ይርዳው ቁልፉ ከተሰበረ ወዲህ መጥረቢያቸውን ገንዳው አጠገብ ሰቀሉት፤ የከለከላቸውም የለም። ትብለጥ ወደ ሸክላዋ ተመለሰች። መዳፏ ስለተኮማተረ ጭቃውን የምታድበለብልላት ዘርፌ ናት። እናትና ልጅ አንድ ነገር ተስማምተዋል፤ በቤታቸው ውስጥ ማንኛውም ነገር በስሙ ይጠራል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የሳሉ ነገር ነው። ስድስት መቶዎቹ አርጅተው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ጢሱን አላዩትም። ሆኖም በዚያ አገር አንድ ሹም መድረክ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠርጎ «ሁሉ ሰላም ነው» ባለ ቁጥር ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ይስላል። ማን እንደሆነ ዞሮ የሚያይ የለም። ሹሙ ግን ንግግሩን ያቋርጥና የሚወርድበት ደረጃ የት እንዳለ በዓይኑ ይፈልጋል።